የእማማ ድስት አደራ

ሥጋ መግዛት የባለቤቴ ሥራ ነው። እኔ መድኃኒት ከመሸጥ በቀር የማውቀው ስለሌለ፣ ሥጋ ሻጩ አጥንቱን አብዝቶ ቢመዝንልኝም «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ የምወጣ ሰው ነኝ። ያን ቅዳሜ ጠዋት ግን ባለቤቴን ጉንፋን አስተኝቷት ስለ ነበር ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ወደ ሥጋ ቤቱ ሄድሁ። ወረፋ ይዤ ስቆም ከፊቴ ያሉት ሴት ዘወር ብለው አዩኝና፣

«ባለ መድኃኒቱ! ዛሬ ደግሞ ምን እግር ጣለዎት?» አሉኝ።

የመጋረጃ ሰፊዋ ነበሩ። በሰፈራችን ልጅ አዋቂው «እትዬ» ነው የሚላቸው። ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ከዓይናቸው በቀር ግን ያረጀ ነገር የላቸውም። መርፌ አልታይ ሲላቸው ወደ መድኃኒት ቤቴ ብቅ ይሉና «እስቲ በመነጽርዎ ይህቺን ክር ያሹልኩልኝ» ይሉኛል። እኔም ደንበኛ ቢጠብቅም ክሩን ሳላሹልክ አልሰዳቸውም።

ተራቸው ሲደርስ ሥጋ ሻጩን፣ «ወርቹን ከነአጥንቱ ስጠኝ። ላቱን ደግሞ ሙሉውን፤ ጠርዙን እንዳትነካብኝ» አሉት።

«እትዬ፣ እርስዎ እንደሚመጡ በጉ ራሱ ያውቃል» አለ ሥጋ ሻጩ። «ወር በገባ ቁጥር ላቱን አሳብጦ ነው የሚጠብቀኝ።»

እየሳቅን ሳለ አንዲት ወጣት ሴት እያለከለከች ገባች። የእትዬ የወንድም ልጅ ናት። የሥነ ምግብ ትምህርት ተምራ፣ በሆስፒታል ማእድ ቤት ለበሽተኞች የሚስማማውን ምግብ የምትመድብ፣ ቀጠን ያለች፣ ስትናገር ቅንድቧን የምታነሣ ልጅ ናት።

«አክስቴ፣ እንደምን አደሩ? ቤት ሄጄ አጣሁዎት።»

«ደህና፣ እግዜር ይመስገን። ደግ መጣሽ፤ ይህን ዘንቢል ትይዥልኛለሽ።»

«ዘንቢሉንስ እይዛለሁ። ግን ላቱ ይቅር።»

ሥጋ ሻጩ ቢላዋውን እንዳነሣ ቀረ።

«ምኑ ይቅር?» አሉ እትዬ።

«ላቱ። አባቴ ከሆስፒታል ከወጣ ገና ወሩ ነው። የልቡ የደም ሥር ጠቧል፣ ስብና ጨው ይቀንስ ተብሏል። እርስዎም ሐኪሙ ሲናገር አብረውኝ ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ። ሐኪሙ ስለ ምግብ ነው የተናገረው። የእማማ ድስት ምግብ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«የእማማ ድስት ነዋ!»

እዚህ ላይ ለአንባቢ ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል። በዚያ ቤተሰብ «የእማማ ድስት» የሚባለው ከእትዬ እናት የተወረሰ አሠራር ነው። የበግ ወርች ከሽንኩርትና ከሽምብራ ጋር በቀለጠ ላት ውስጥ ሲንተከተክ ያድርና፣ በላዩ በቅቤ የተጠበሰ የሊጥ ድቡልቡል ይነሰነስበታል። ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ዘመድ ሁሉ እትዬ ቤት ተሰብስቦ ይበላዋል። ከበሉት በኋላ የሚነሣ የለም፤ ሁሉም በተቀመጠበት ያንቀላፋል። ይህንንም የጥጋብ ምስክር አድርገው ይኮሩበታል።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ ይፍረዱ፣ ባለ መድኃኒቱ! የሞተች እናት ምግብ ላቱ ይቅር፣ ቅቤው ይቅር ተብሎ ይመተራል?»

የወንድማቸውን ኪኒን የምሰጠው እኔ ነኝ። ሕመሙን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ በዚያ ሥጋ ቤት ውስጥ አልነበረም። መናገር ያለብኝንም አላጣሁትም። ሆኖም የተከበሩ ሴት በሰው ፊት ማስቀየም ከበደኝና ጉሮሮዬን ጠርጌ፣

«ጥቂት ቢቀነስ ሳይሻል አይቀርም» አልሁ።

«ምን ሊሉ ኖሯል! ሰው በልቶ ከጠገበ የእርስዎ ገበያ ይቀዘቅዛላ» ብለው አሳቁብኝ። ቀጥለውም፣ «በሉ ነገ ምሳ እኔ ዘንድ ነዎት። ቀምሰው ከዚያ ይፍረዱ» አሉኝ።

ላቱም ሳይነካ ከነጠርዙ ወደ ዘንቢሉ ገባ።

በማግስቱ ሄድሁ። እትዬ የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የስፌት መኪናው ጥግ ይዞ፣ የመጋረጃ ጨርቅ ጥቅሎች ግድግዳውን ተደግፈው፣ ጨርቅ የሚቆርጡበት ረጅም ጠረጴዛ ለምሳ ተሰናድቶ ጠበቀኝ። ዐሥር የምንሆን ሰዎች ነበርን። በጠረጴዛው ራስ በኩል ወንድማቸው ተቀምጧል። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ደልዳላ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ተሳፋሪ ሲሰድበው እንኳ «እግዜር ያድርስህ» የሚል ሰው ነው። የዚያን ቀን ግን ጨዋታው ቀዝቅዞ አየሁት።

በፊቱ ሁለት ድስት ቀረበ። አንዱ ትልቁ፣ የእማማ። ሌላው ልጁ ከቤቷ ሠርታ ያመጣችው ትንሽ ድስት። የትንሹ ክዳን ሲነሣ ሁላችንም አንገታችንን አስረዘምን። ያለ ስብና ያለ ጨው የተቀቀለ ሥጋ፣ ከጥቂት ሽምብራ ጋር፣ በግራጫ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ተኝቷል። እውነቱን መናገር ደግ ነው፤ እኔም ቀምሼው በዳቦ ነው ያወራረድሁት።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሉ እትዬ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ግን ሁሉም እንዲሰማ።

ልጅቷ ቀላች። «ለጤናው ነው የሠራሁት» አለች።

«ይህን ከበላ ጤናው ምን ያደርግለታል? ወንድምዓለም፣ እስቲ አንዲት ጭልፋ ብቻ። በሞቴ!»

ሾፌሩ ልጁን አየ፣ እህቱን አየ። «እኔ የለመድሁት አንድ መሪ ነው፤ በሁለት መሪ መንዳት አልችልም» ብሎ ሊያስቅ ሞከረ።

«አፈር ስሆን!»

ሳህኑን ዘረጋ። አንዲት ጭልፋ የተባለችው ሁለት ሆነች፣ ሁለቱ ሦስት ሆኑ። ልጅቷ ትንሿን ድስት አንሥታ ወደ ማእድ ቤት ገባችና ሳትመለስ ቀረች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የዚያን ቀን ግን የእኔ ዝምታ አፌ ውስጥ ሲነቅዝ ይሰማኝ ነበር፤ ቢሆንም አልተናገርሁም።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም ከሾፌሩ ጋር አብረን ወጣን። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ የደረጃውን ብረት ጨብጦ ቆመ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፣ ከንፈሩ ነጥቷል።

«ምን ሆንክ?»

«ደረቴን... ድንጋይ የተጫነብኝ ይመስላል።»

የኮቱን ኪስ ዳበስሁ። እኔው ራሴ የሸጥሁለት፣ ምላስ ሥር የሚቀመጠው ኪኒን እዚያ ነበር። አፉን አስከፍቼ አስቀመጥሁለትና ደረጃው ላይ አስደግፌ አስቀመጥሁት። ልጁ ጩኸቴን ሰምታ እየበረረች ወረደች። ከላይ እትዬ ጭልፋቸውን እንደያዙ ብቅ ብለው ሲያዩን፣ ያወጡት ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። በታክሲ ሆስፒታል አደረስነው። ሐኪሙ «ለጥቂት ነው የተረፈው» አለን።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ልጠይቀው ስሄድ እትዬን ከክፍሉ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘኋቸው። ከእሁድ ጀምሮ እየመጡ እዚያ ይቀመጣሉ እንጂ ወደ ውስጥ አልገቡም።

«ለምን አይገቡም?»

«ምን ፊት አለኝ?» አሉ። «ምን ፊት ይዤ ልግባ?»

ክንዳቸውን ይዤ አስገባኋቸው። ሾፌሩ ትራሱን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ልጁ ከአጠገቡ ብርቱካን ትልጣለች። እትዬ እግሩ ሥር ቆሙና የአልጋውን ብረት ያዙ።

«ሰው ሁሉ ‹ወንድሟን በገዛ እጇ ልትገድለው ነበር› ይላል አሉ።»

«ማንም እንዲህ አላለም፣ እትዬ» አለ ሾፌሩ።

«እኔ ብያለሁ፤ ለራሴ።» ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ወዲያው ግን ቀና አሉ፤ ሽንፈት የለመዱ ሴት አይደሉም። «አንድ ነገር ብቻ አልገባ ብሎኛል። አያታችን ይህንኑ ድስት ሲበላ ኖሮ በሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው የሞተው። ያውም ጥርሱ ሳይወልቅ! ላት ሰው የሚገድል ቢሆን እሱ እንዴት ኖረ? እስቲ አንቺ የተማርሽው መልሽልኝ።»

ልጅቷ ብርቱካኑን አስቀመጠች። በሥጋ ቤቱ የነበራት ችኮላ የለም፤ ድምፅዋ ረጋ ብሏል።

«እመልሳለሁ፣ አክስቴ። ቅድመ አያቴ ሥራቸው ምን ነበር?»

«ድንጋይ ፈላጭ።»

«ወደ ሥራቸው በምን ይሄዱ ነበር?»

«በእግሩ ነዋ! በምን ሊሄድ? ሲሄድ ሁለት ሰዓት፣ ሲመለስ ሁለት ሰዓት።»

«አባቴስ?»

ሾፌሩ ራሱ መለሰ። «እኔማ ተቀምጬ ሄጄ፣ ተቀምጬ ውዬ፣ ተቀምጬ እመለሳለሁ። ላብ የሚያልበኝ መብራት ቀይ ሲሆን ብቻ ነው።»

«አያቴ ይህን ድስት በዓመት ስንት ጊዜ ነበር የሚሠሩት?»

እትዬ በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ሁለቴ፤ ግፋ ቢል ሦስቴ» አሉ። «ላት ከየት ተገኝቶ! በየወሩ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሥራዬ ሲቃና፣ መጋረጃው ገበያ ሲያገኝ፣ እማማ ያላገኘችውን ልጆቿ ያግኙ ብዬ ነው።»

«ቅቤውስ?»

«ቅቤውንም እኔ ነኝ የጨመርሁት። የእሷ ድቡልቡል ምጣድ ላይ በደረቁ ነበር የሚጋገረው።»

ልጅቷ ዝም አለች። ነገሩ ራሱ ሲናገር ዝም ማለት የአዋቂ ሥራ ነውና፣ በዚያች ሰዓት አከበርኋት። እኔ ግን እሁድ ዝም ያልሁት ስላንገበገበኝ ዕዳዬን ለመክፈል ወሰንሁ።

«እትዬ» አልኋቸው፣ «ቢያስቀይምዎትም ልጠይቅ። መካከለኛው ወንድማችሁ በስንት ዓመቱ ነው ያረፈው?»

«በአርባ ዘጠኝ።»

«ምን አገኘው?»

«ምንም። ምሳውን በላ፣ ጋደም ልበል አለ፣ በዚያው ቀረ። ቀኑ ነበር አልን።»

«ቀኑ ምን ነበር?»

«እሁድ።»

ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም። እትዬ የመጋረጃ ጨርቅ እንደሚለኩ ሁሉ የቀሚሳቸውን ጫፍ በጣታቸው ይለኩ ጀመር።

«እማማ ስትሞት ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ይሄ ስድስት ዓመቱ ነው። አባታችን ቀድሞ ሞቷል። ጎረቤቱ ሁሉ ‹ልጆቹን ለዘመድ አከፋፍያቸውና አንቺ አግቢ› አለኝ። እማማ ግን እጄን ይዛ አደራ ብላኝ ነበር፤ ‹አብልተሽ አሳድጊልኝ፣ እንዳትበትኛቸው› ብላ። ምንም አልተወችልኝም፤ ድስቱን ብቻ። ድስቱ እሳት ላይ ሲወጣ እሷ ቤት ውስጥ ያለች ይመስለኛል። አሁን ከላቱም ከቅቤውም ቀንሼ ስሠራው አደራዬን የበላሁ አይመስልሽም?»

ልጅቷ ተነሥታ ከአክስቷ እግር ሥር ቁጢጥ አለች። «አክስቴ፣ አያቴ አደራ ያሉዎት ላቱን ነው ወይስ አባቴን?»

እትዬ የልጅቷን እጅ ያዙ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ሾፌሩም ያን ጊዜ ተናገረ። «እኔም ልናዘዝ፣ እትዬ። እሁድ የመጀመሪያውን ጭልፋ ስበላ እንደሚያመኝ አውቅ ነበር። ከሆስፒታል ከወጣሁም በኋላ ቤቴ ድረስ የላክሽልኝን ሁሉ በልቻለሁ። ድስቱን እምቢ ማለት አቅቶኝ አይደለም፤ አንቺን ነው። ላንቺ እምቢ ካልሁ ላሳደገኝ እጅ እምቢ ያልሁ መሰለኝ። ከፊትሽ መጥቆር ሞቴ ቀለለኝ።»

«ቂል!» አሉት እያለቀሱ። «አንተ ሽማግሌ ቂል!»

ይሉኝታ ደግ ነገር ነው፤ ሰውን ከሰው ጋር ያኖራል። ነገር ግን ይሉኝታ ሐኪም ሆኖ መድኃኒት ሲያዝ፣ ምግብ ሲመርጥ፣ ያን ጊዜ ነፍሰ ገዳይ ነው። በዚያች ክፍል ውስጥ ከነበርነው አራት ሰዎች ሦስታችን በይሉኝታ ምክንያት አንድ ሰው ልንቀብር ነበር፤ እህቱ ባሕል ጣሱ እንዳይሏቸው፣ እሱ ውለታ ቢስ እንዳይሉት፣ እኔም ባለጌ እንዳይሉኝ።

ልጅቷም የራሷን አልደበቀችም። «እኔም አጥፍቻለሁ» አለች። «ያን ትንሽ ድስት ከወረቀት ላይ እያነበብሁ ነው የሠራሁት። መቀነስ ብቻ እንጂ ማጣፈጥ አላሰብሁም። አባቴ በእንዲያ ያለ ምግብ ከምድን ብሞት ይሻለኛል ብሎ ቢያስብ አልፈርድበትም።»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ እትዬ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «የጨርቅ ማጠቢያ ውሃ ነበር።»

ሾፌሩ ደረቱን ይዞ ሳቀ። ልጅቷም ሳቀች።

«እንግዲህ አንድ ጥያቄ ልጨምር» አለቻቸው። «ለሰፊ መስኮት የተሰፋ መጋረጃ ጠባብ መስኮት ላለው ቤት ቢመጣልዎት ምን ያደርጋሉ?»

«አጠብበዋለሁ፤ አሳጥረዋለሁ።»

«ጨርቁ ይለወጣል?»

«ጨርቁማ ያው ነው።»

«ታዲያ የእማማንስ ድስት በልካችን ብናደርገው? ሲቀነስ ምን እንደሚቀነስ እኔ አውቃለሁ። ሲቀነስ እንዴት እንደሚጣፍጥ ግን የሚያውቅ የእርስዎ እጅ ነው።»

እትዬ ብዙ አሰቡ። «ልሞክር» አሉ። «ካልጣመ ግን ሁለተኛ አልሰማሽም።»

ሾፌሩ ከሆስፒታል ወጥቶ ሁለት ሳምንት እንዳለፈ፣ በዓርብ ቀን ሁለቱ ሴቶች በአንድ ምድጃ ላይ ቆሙ። እኔም በዳኝነት ተጠርቼ በማእድ ቤቱ በር ላይ በርጩማ ተሰጥቶኝ ነበር። ወርቹን ከነአጥንቱ፣ ያለ ላት፣ በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ቀቅለው አበረዱትና በፍሪጅ አሳደሩት። ቅዳሜ ጠዋት ክዳኑ ሲነሣ በመረቁ ላይ ነጭ፣ ክብ፣ እንደ ሻማ የደረቀ ነገር ጋግሯል። ልጅቷ በቢላዋ ዙሪያውን ፈልቅቃ ሙሉውን አነሣችና ሳህን ላይ አስቀመጠችው።

እትዬ በጣታቸው ጫን አደረጉት። «ይህ ምንድን ነው?»

«ስቡ ነው።»

«ላት ሳላስገባ?»

«ይህ ከሥጋው ብቻ የወጣ ነው።»

«ከነላቱና ከነቅቤው ቢሆንስ ኖሮ?»

ልጅቷ በእጇ ከፍታውን አሳየቻቸው። እትዬ ሳህኑን ወደ መስኮቱ ወስደው በብርሃን ሲያዩት ቆዩ። ስለ ደም ሥርና ስለ ኮሌስትሮል እኔ ዓመት ሙሉ ብለፈልፍ ያን ሳህን ያህል አላስተምራቸውም ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን መምህሯ እሳቸው ሆኑ። ልጅቷ ሽንኩርቱ ላይ ዘይት ልታፈስ ስትል እጇን ያዟት።

«ተይ አንቺ! ዘይቱን ማን ጠራው? ሽንኩርት የራሱ ውሃ አለው። እሳቱን አሳንሺና ጨው ሳትነኪ ክደኚው፤ ትዕግሥት ነው የሚያበስለው።» ሽንኩርቱ በእርግጥ በራሱ ውሃ ወዛ፣ ቀላ፣ ጣፈጠ። ድንብላሉን በደረቅ ምጣድ አመሱና ሲወቅጡት ሽታው ደረጃው ድረስ ወረደ። ሽምብራውን እጥፍ አደረጉት፤ ጨውን አጋምሰው የጎደለውን በሎሚ ሞሉት። ድቡልቡሉ ላይ ትንሽ ተጨቃጨቁ። እትዬ «ሳይጠበስ ቅርፊቱ ከየት ይመጣል?» ሲሉ፣ ልጅቷ ወደ እናታቸው አሠራር መለሰቻቸው፤ በጋለ ምጣድ ላይ በደረቁ እየተገላበጠ ተጋገረ። ከውጭ ተሰነጣጥቆ፣ ከውስጥ ለስልሶ ወጣ። እትዬ አንዱን ቆርሰው አፋቸው ውስጥ ሲያደርጉ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይሄስ...» አሉና ቆሙ። «ይሄስ የልጅነቴ ነው። ይህን ረስቼው ነበር።»

ድስቱ ሊወርድ ሲል ልጅቷ ራሷ ቅቤ በሻይ ማንኪያ አንሥታ አቀበለቻቸው።

«ቅቤ አልከለከልሽም እንዴ?» አሉ ተገርመው።

«ልኩን ነው እንጂ ቅቤን አልጠላሁም። ለሽታ ከሆነ ይህቺ ትበቃለች።»

እሁድ ዘመድ ተሰበሰበ። ሾፌሩ መጀመሪያ ማንኪያውን በጥርጣሬ አነሣ። አላመጠ። ሁላችንም አፉን እናያለን። እትዬ የመጋረጃ መቁረጫ መቀሳቸውን ያለ ምክንያት ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ።

«እትዬ፣» አለ።

«እህ?»

«ያው ነው ብልሽ ውሸቴን ነው። የድሮው ከባድ ነው፤ አፍ ይሞላል። የዚህኛው ግን ሥጋው ይታወቃል፣ ሽንኩርቱ ይታወቃል። ሽምብራ ጣዕም እንዳለው ዛሬ ገና ገባኝ። እንደ ድሮው አይደለም፤ የእማማ ግን ነው።»

እትዬ መቀሱን አስቀመጡ። ከምሳም በኋላ አንድ ያልተለመደ ነገር ሆነ፤ ማንም አላንቀላፋም። ወሬው ደመቀ፣ ልጆች ተነሥተው ጨፈሩ፣ ሾፌሩም ደረጃውን ሁለት ጊዜ ወርዶ ወጣ፤ ትንፋሹን እኔ ቆጠርሁ።

ይህ ከሆነ እነሆ አምስት ወር አለፈው። ሾፌሩ በደሙ ውስጥ ያለው ስብ ቀንሶ፣ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ሐኪሙ ፈቅዶለት ወደ መሪው ተመልሷል። ኪኒኑን አልተወም፤ እንዲተውም አልመክረውም፤ ምግብ መድኃኒትን ያግዛል እንጂ አይሽረውም። ዘመዶቹም የየራሳቸውን ድስት መመርመር ጀምረዋል። እትዬም ራሳቸው ሦስቱን ፎቅ ሲወጡ ሁለት ቦታ ያርፉ የነበሩት አሁን አንዴ ብቻ ነው የሚያርፉት። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ስብከታቸው ነው። መጋረጃ ሊያሰፉ የመጡ ሴቶች «የእናትሽን ምግብ ለወጥሽው አሉ» ብለው ሲነኳቸው፣ መርፌያቸውን ሰክተው ይህን ይላሉ፤

«አልለወጥሁትም፤ ለካሁት። እናቴ ባላት ሠራች፣ እኔም ባወቅሁት እሠራለሁ። ድሮ በዓመት ሁለቴ የሚበላውን በየወሩ እያበላሁ ‹ወግ ነው› እል ነበር፤ ወጉን ያበላሸሁት እኔ ነበርሁ። ስቡን አንሥቼ የጣልሁ ቀን እናቴን የጣልሁ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። እናቴ ግን ስቡ ውስጥ አልነበረችም። ልጆቿ ከብበው ሲበሉ፣ ያም ያም በደህና ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ እዚያ ነው ያለችው። እናንተም ከድስታችሁ ፊት ጥቂት ቆማችሁ ‹ይህ ለማን ነው የሚሠራው? ዛሬ የሚበላው ሰው ምን ሲሠራ ይውላል?› ብላችሁ ጠይቁ። ደግሞ የተማረ ልጅ ሲናገራችሁ ስሙት፤ የተማረም ልጅ እናቱን ይስማ። አንዱ ያለ ሌላው የጨርቅ ማጠቢያ ውሃ ነው።»

እኔ ከዚህ የተሻለ ማለት አልችልም፤ አልሞክርምም።

ባለፈው እሁድ እንደገና ጋብዘውኝ ሄጄ ነበር። ሾፌሩ ሁለት ሳህን በልቶ ጨዋታውን ሲያደምቅ ቆየና ሳህኑን ለሦስተኛ ጊዜ ዘረጋ።

«እትዬ፣ እስቲ ጥቂት ጨምሪልኝ።»

የእትዬ እጅ በልማዱ ወደ ጭልፋው ሄደ። ጭልፋው ድስቱ ውስጥ ገባ፣ ሞላ፣ ከፍ አለ። ከዚያ በአየር ላይ ቆመ። ቀስ ብለው መልሰው አፈሰሱት።

«በቃህ፣ ወንድምዓለም» አሉት።

ሾፌሩ አፉን ከፍቶ አያቸው፤ ከዚያ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«ሰዎች፣ መስክሩልኝ! ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ከዚህች ሴት አፍ ‹በቃህ› የሚል ቃል ሲወጣ ዛሬ ገና ሰማሁ!»

እትዬ ባዶውን ሳህን ከእጁ ወሰዱት።

«ገና ብዙ ጊዜ ትሰማዋለህ» አሉት፤ «ዕድሜህ ረጅም ነውና።»